ዚንክ ኢንሱሊንን የሚያስረው ለምንድን ነው? የሚፈታውስ የት ነው?

ጥያቄው፦ «የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ‹ምልክት አስተላላፊ ፕሮቲኖች ንዑስ ክፍሎቻቸው እንዴት እንደሚገጣጠሙ ብዙ ጊዜ የሚወስኑት አዮኖች ናቸው› ብለው ወደ ሌላ ርዕስ አለፉ። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንድ ነጠላ አዮን ከእሱ እጅግ የሚገዝፉ ፕሮቲኖችን እንዴት አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል? ከተያያዙ በኋላስ ፕሮቲኑ ሥራውን ይጀምራል ማለት ነው?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነውና። «ንዑስ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ፕሮቲኑ ሥራ ይጀምራል» የሚለው ግምት ለአንዳንድ ፕሮቲኖች ልክ ነው፤ ለሌሎች ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኢንሱሊን ተገጣጥሞ ሳለ ሥራ ፈት ነው፤ የሚሠራው ሲበታተን ነው። ስቲም 1 የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ የሚሰባሰበው ካልሲየም ሲመጣለት ሳይሆን ሲርቀው ነው። ስለዚህ አዮንን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ አቶምን፣ እንደ ሙጫ ብቻ ማሰብ ያሳስታል። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው እንዲህ ነው፦ አዮን ለፕሮቲኑ የሚነግረው የት እንዳለ ነው። የሕዋስ ውስጣዊ ከረጢት፣ ደም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የአዮን መጠን አላቸው። ፕሮቲኑ ያንን መጠን በገዛ አካሉ ያነብባል፤ እንደ ቦታውም ይታሰራል ወይም ይፈታል።

ይህን ለማስረዳት ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠው ኢንሱሊንን ነው። ነገ እርስዎ በእጅዎ የሚያድሉት መድኃኒት ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ አዮን ፕሮቲንን እንዴት እንደሚያስርና እንደሚፈታ የኢንሱሊንን ያህል በዝርዝር የተጠና ምሳሌ ጥቂት ነው።

ኢንሱሊን ትንሽ ፕሮቲን ነው። በጠቅላላው 51 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ እነርሱም በሁለት ሰንሰለት ተከፍለዋል፤ ኤ የሚባለው 21፣ ቢ የሚባለው 30 ይይዛል። ሁለቱን ሰንሰለቶች የሚያያይዟቸው የድኝ ድልድዮች ናቸው። ይህ ነጠላ ኢንሱሊን ሞኖመር ይባላል፤ በጡንቻና በስብ ሕዋሳት ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ተገናኝቶ «ስኳሩን አስገቡ» የሚለውን መልእክት የሚያደርሰውም እሱ ብቻ ነው።

የኢንሱሊን መጠን ሲጨምር ሁለት ሞኖመሮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የቢ ሰንሰለት ጫፍ፣ በተለይም ከ24ኛ እስከ 26ኛ ያሉት ውኃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች፣ ከሌላኛው ሞኖመር ተመሳሳይ ጫፍ ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ። በዚህ ሁኔታ የተገኘው ጥንድ ዳይመር ይባላል። እዚህ ድረስ ዚንክ አላስፈለገም፤ ይህን ልብ ይበሉ። ንዑስ ክፍሎቹ የመገናኘት ዝንባሌ ከመጀመሪያው አላቸው።

ዚንክ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በቢ ሰንሰለት ላይ 10ኛው ቦታ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ ተቀምጧል። ሦስት ዳይመሮች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ከስድስቱ ሞኖመሮች ስድስት ሂስቲዲኖች ወደ መሐል ይዞራሉ፤ ሦስቱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች። እዚህ ላይ ጉልቻን ያስቡ። ሦስት ድንጋይ፣ በመሐላቸው አንድ ድስት። በላይኛው ጉልቻ ላይ አንድ ዚንክ ተጥዷል፤ በታችኛውም ሌላ አንድ ዚንክ። እያንዳንዱ ጉልቻ የተሠራው ከሦስቱ ዳይመሮች ከእያንዳንዳቸው በመጣ አንድ ሂስቲዲን ነው። ስለዚህ አንዱ ዚንክ ብቻውን ሦስቱንም ዳይመሮች በአንድ ጊዜ ይዟል። ይህ የስድስት ስብስብ ሄክሳመር ይባላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ እንመለስ። የአንድ ሞኖመር ክብደት 5,800 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ የሄክሳመሩ ወደ 35,000 ይጠጋል። የሁለቱ ዚንኮች ክብደት ቢደመር 130 ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ይህን ያህል የሚይዘው እንዴት ነው? አንደኛ፣ የዚንክ አዮን ሁለት አዎንታዊ ሙል አለው፤ ሂስቲዲን ደግሞ ለመስጠት ዝግጁ የሆነ የኤሌክትሮን ጥንድ የያዘ ናይትሮጅን አለው። በመካከላቸው የሚፈጠረው ትስስር ጠንካራ ነው፣ አቅጣጫም አለው፤ ድንጋዮቹ በየትም ቦታ ቢቀመጡ አይሆንም፣ ድስቱን የሚሸከሙት በትክክለኛው ማዕዘን ሲቆሙ ነው። ሁለተኛ፣ ከሦስቱ አንዱ ለቅጽበት ቢለቅ ሁለቱ ይዘው ያቆዩታል፤ የለቀቀውም ሳይርቅ ይመለሳል። ሦስተኛውና ዋናው ግን ቀደም ብዬ ያነሳሁት ነው። ፊቶቹ ከመጀመሪያው የተገጣጠሙ ናቸው። ሚዛኑ ወደ መሰብሰብም ወደ መበተንም ሊያዘነብል ጥቂት በቀረው ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ዚንክ ያንን ጥቂቱን ይጨምራል። በተመጣጠነ ሚዛን ላይ አንድ ፍሬ ስንዴ ሳህኑን ታወርዳለች፤ የስንዴዋ ክብደት ሳይሆን የሚዛኑ ሁኔታ ነው ነገሩን የሚወስነው።

እንግዲህ ሄክሳመር ውስጥ ያለ ኢንሱሊን ለምን እንደማይሠራ ይታይዎታል። ሁለቱ ሞኖመሮች የተገናኙበት ያ የቢ ሰንሰለት ጫፍ ኢንሱሊኑ ከተቀባዩ ጋር ለመገናኘትም የሚፈልገው ነው። ተሸፍኗል። መልእክተኛው እጁ ታስሮ ቆሟል ማለት ነው።

ይህ እስራት በተፈጥሮ የሚፈጸመው በቆሽት ቤታ ሕዋስ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ከረጢቶች ነው። በከረጢቶቹ ሽፋን ላይ ዚንክ ቲ 8 የሚባል አስተላላፊ ፕሮቲን አለ፤ ሥራው ዚንክን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። በሰውነታችን ውስጥ ዚንክ እጅግ ከሚከማችባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ከረጢት ነው። የውስጡ ፈሳሽ በመጠኑ አሲድ ነው፤ ፒኤች 5.5 ገደማ። መጀመሪያ የሚታሰረው ገና ያልተቆረጠው ፕሮኢንሱሊን ሲሆን እሱም የዚንክ ሄክሳመር ይሠራል። ከዚያ ኢንዛይሞች ትርፉን ክፍል ሲቆርጡለት የቀረው የኢንሱሊን ሄክሳመር ሟሟነቱን ያጣና ይረጋል፤ ክሪስታል ይሆናል። የቤታ ሕዋስን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየ ሰው በየከረጢቱ መሐል የሚታየውን ጥቁር ፍሬ አይረሳውም። ያ ፍሬ ታስሮ የተቀመጠ ኢንሱሊን ነው፤ በትንሽ ቦታ ብዙ ሆርሞን፣ ከሚቆራርጡት ኢንዛይሞችም የተጠበቀ።

ስኳር በደም ውስጥ ሲጨምር ከረጢቱ ወደ ሕዋሱ ዳር ሄዶ ይከፈታል። በዚያች ቅጽበት ሦስት ነገር አብሮ ይቀየራል፦ ፒኤች ወደ 7.4 ይወጣል፣ ዚንኩ በብዙ ፈሳሽ ውስጥ ይበተናል፣ ኢንሱሊኑም እጅግ ይሳሳል። ድስቱ ከጉልቻው ወረደ። ሄክሳመሩ ወደ ዳይመር፣ ዳይመሩ ወደ ሞኖመር ይፈታል። በደም ውስጥ የሚገኘው የኢንሱሊን መጠን፣ ከምግብ በፊት፣ በአንድ ሊትር ከ100 ፒኮሞል በታች ነው፤ በዚህ መጠን ሁለት ኢንሱሊኖች የመገናኘት ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ነጠላ ነው ቢባል ስሕተት የለውም። ማንም ሕዋሱን «አሁን ፍታው» ብሎ አላዘዘውም፤ ፈቺው ቦታው ራሱ ነው።

የዚህን ዕውቀት ታሪክ ባጭሩ ላንሳ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ በ1921 ተገኘ፤ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ ተሰጠ። በ1926 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆን አቤል ክሪስታል አድርገው አሳዩት፤ ሌሎች ግን ሲሞክሩት አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አይሳካም ነበር። ምክንያቱን ያወቁት በ1934 ቶሮንቶ የነበሩት ዴቪድ ስኮት ናቸው፦ ዚንክ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ውስጥ ዚንክ በአጋጣሚ ሲኖር ይረጋል፣ ሳይኖር አይረጋም። ካይሮ የተወለዱት እንግሊዛዊት ሳይንቲስት ዶሮቲ ሆጅኪን በ1935 የኢንሱሊን ክሪስታልን የኤክስሬይ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ሙሉ ቅርጹን፣ ሁለቱን ዚንኮችና ጉልቻዎቻቸውን ጨምሮ፣ ያወጡት ግን በ1969 ነው። 34 ዓመት። በመካከሉ በሌሎች ሥራዎቻቸው በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ኢንሱሊንን ግን አልተዉትም። ይህን ትዕግሥት ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

አሁን ወደ እርስዎ ሙያ እንምጣ፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ የከረጢቱ ኬሚስትሪ ነውና። በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው ባለ 100 ዩኒት ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 3.5 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ በደም ውስጥ ካለው በሚሊዮኖች እጥፍ የጠነከረ ነው። በዚህ ላይ አምራቾቹ ጥቂት ዚንክ ይጨምራሉ፤ ጀርም እንዳያድግበት ደግሞ ፌኖል ወይም ሜታክሬሶል። እነዚህ የጀርም ማጥፊያዎች ሌላም ሥራ አላቸው፤ በሄክሳመሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ኪስ ገብተው ቅርጹን ይበልጥ ያጠነክሩታል። በዚያ ቅርጽ ከጉልቻው በላይ ባለው ክፍት ቦታ የክሎራይድ አዮን መጥቶ ዚንኩን ከላይ ይከድነዋል። ልብ ይበሉ፣ አሁን ሁለተኛ አዮን ገባ ማለት ነው፤ ከተራ ጨው የሚገኘው ክሎራይድ።

ይህ ሁሉ ጥንካሬ ለመቆየት ይጠቅማል። ነጠላ የሆነ ኢንሱሊን ሲሞቅ ወይም ሲናጥ ቅርጹን ያጣና እርስ በርሱ ተጠላልፎ ወደ ክር መሳይ ዝቃጭ ይለወጣል፤ የታሰረው ግን ይቋቋማል። የተከፈተ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ ውጭ፣ ከልክ ያለፈ ሙቀት ሳያገኘው፣ ለአራት ሳምንት ገደማ የሚያገለግለው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በዚህም ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ብልቃጡን በእርጥብ ሸክላ ዕቃ ውስጥ የምታስቀምጥ እናት የምትጠብቀው ይህንኑ ሄክሳመር ነው።

ጉዳቱ ደግሞ መዘግየት ነው። ተራው ኢንሱሊን፣ ሬጉላር የምንለው፣ ከቆዳ ሥር ሲወጋ ገና ታስሯል። ፌኖሉ መጥፋት አለበት፣ ዚንኩ መሄድ አለበት፣ ፈሳሹ መሳሳት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው በደም ሥር ግድግዳ በፍጥነት የሚያልፈው። «ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወጉ» የሚለው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። ለታማሚ ሲነግሩ ግማሽ ሰዓቱን እንደ ደንብ ብቻ አይንገሩ፤ መድኃኒቱ እስኪፈታ የሚወስደው ጊዜ መሆኑን ያስረዱ። ምክንያቱን የሰማ ሰው አይዘነጋውም።

ሐኪሞች ከዚህ መዘግየት ጋር በሁለት አቅጣጫ ታግለዋል። የመጀመሪያው መዘግየቱን ማርዘም ነበር። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን በ1936 ከዓሣ የሚገኘውን ፕሮታሚን የተባለ ፕሮቲን ከኢንሱሊን ጋር አዋሐዱ፤ በዚያው ዓመት በቶሮንቶ ዚንክ ሲጨመርበት ይበልጥ እንደሚቆይ ታወቀ። ዛሬ በአገራችን ጤና ተቋማት በሰፊው የሚሰጠው ኤን ፒ ኤች የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ፈሳሹ ደፍርሶ የሚታየው ፕሮታሚን፣ ኢንሱሊንና ዚንክ በአንድነት የሠሩት ደቃቅ ክሪስታል ስለተንሳፈፈበት ነው፤ ከመወጋቱ በፊት በመዳፍ መካከል በቀስታ የሚንከባለለውም ክሪስታሉ ሳይሰበር እኩል እንዲሰራጭ ነው። ከቀዘቀዘ አልፎ በረዶ ከሆነ ክሪስታሉ ይጓጉላል፤ መልሶ ቢቀልጥም መጠኑ አይታመንም፤ መጣል አለበት። በዕድሜ የገፉ ሐኪሞችና ታማሚዎች ሌንቴ የሚለውንም ስም ያስታውሳሉ። ሌንቴ ፕሮታሚን የለውም፤ መዘግየቱን የሚያገኘው ከትርፍ ዚንክ ብቻ ነው። ሌንቴንና ሬጉላርን በአንድ መርፌ ቀላቅሎ ማቆየት የማይመከረው ለዚህ ነበር፤ በሌንቴው ውስጥ ያለው ትርፍ ዚንክ ፈጣኑንም ኢንሱሊን ያስረዋል፤ ታማሚው ፈጣን ነው ብሎ የወሰደው ወደ ዘገምተኛ ይለወጣል። ሌንቴን ከኤን ፒ ኤች ጋር መቀላቀልም ሌላ ችግር ነበረው፤ በኤን ፒ ኤች ውስጥ ያለው ፎስፌት ዚንኩን ይዞ ይዘቅጣል። አንድ አዮን በመርፌ ውስጥ እንኳ ማን ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ ይወስናል፤ የመምህርዎ ዐረፍተ ነገር ትርጉሙ ይህ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ማፍጠን ነበር። በ1996 ገበያ ላይ የዋለው ሊስፕሮ በቢ ሰንሰለት 28ኛና 29ኛ ቦታ ያሉትን ሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ ያቀያይራል፤ ሌላ ለውጥ የለውም። ያ ብቻ ዳይመሩን አላላው። በብልቃጥ ውስጥ ዚንክና ፌኖል አስረው ያቆዩታል፤ ከቆዳ ሥር ሲገባ ግን ወዲያው ይፈታል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ዴግሉዴክ የተባለው ዘገምተኛ ኢንሱሊን ነው። እሱ በብልቃጥ ውስጥ ሁለት ሁለት ሄክሳመር ሆኖ ይቀመጣል፤ ተወግቶ ፌኖሉ ሲለቅ መፈታት ሲገባው ይበልጥ ይሰባሰባል፤ ሄክሳመር ከሄክሳመር እየተቀጠለ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል። ከዚያ ዚንኩ ቀስ በቀስ እየራቀ ሲሄድ ከሰንሰለቱ ሞኖመሮች ይላቀቃሉ፤ ሥራው ከ42 ሰዓታት በላይ ይዘልቃል። የመድኃኒቱ ሰዓት ቆጣሪ የዚንክ ስርጭት ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣብዎ ይችላል። ዚንክ ይህን ያህል ከሠራ፣ ያለ እሱ ኢንሱሊን ዋጋ የለውም? አለው። የጊኒ ፒግ ኢንሱሊን በ10ኛው ቦታ ሂስቲዲን የለውም፤ ጉልቻ የለምና ዚንክም አይጣድበትም፤ ሄክሳመር ሳይሠራ እንስሳው ይኖራል። በሰዎች ላይም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል፤ በ2014 የወጣ ጥናት ዚንክ ቲ 8ን ከሚሠራው ጂን አንዱ ቅጂ የተበላሸባቸው ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ65 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። ብዙዎች የጠበቁት ተቃራኒውን ነበር። ስለዚህ «ዚንክ ኢንሱሊንን ሥራ ያስጀምራል» ብለው በፈተና ወረቀት ላይ እንዳይጽፉ፤ ዚንክ ያከማቻል።

ጉልቻውን መንካት ግን ቀላል ነገር አይደለም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን፤ እዚህ ግን ወጡን ቀየረው። ተመራማሪዎች ፈጣን ኢንሱሊን ፍለጋ 10ኛውን ሂስቲዲን በአስፓርቲክ አሲድ ተኩት። እንደታሰበው ዚንክ አልያዘም፣ ፈጣንም ሆነ። ነገር ግን ያው ቦታ ከተቀባዩ ጋር ያለውንም ግንኙነት ስለሚነካ፣ ኢንሱሊኑ ከተቀባዩ ቶሎ የማይላቀቅና ሕዋሳትን ከልክ በላይ ለመከፋፈል የሚገፋፋ ሆነ፤ በሴት አይጦች ላይ የጡት ዕጢ አመጣና ሥራው ተቋረጠ። የአዮን መያዣ ቦታ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱን ለማስተካከል የነካ ሰው ሌላውን ሳያስብ ይነካል።

ስለ ሌሎቹ አዮኖች በአጭሩ ልናገር። ካልሲየም ከሁሉም የተለመደው ነው፤ ምክንያቱም የቦታ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። ከሕዋስ ውጭ በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ በሳይቶፕላዝም፣ በሕዋሱ ውስጣዊ ፈሳሽ፣ ውስጥ ግን 100 ናኖሞል፣ ማለትም ከዐሥር ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ሕዋሱ ካልሲየም የሚያጠራቅምበት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባል ጎተራ አለ። ስቲም 1 አንድ ጫፉን በዚህ ጎተራ ውስጥ አስገብቶ ይኖራል፤ ጎተራው ሙሉ ሲሆን ካልሲየም ይዞ ጸጥ ብሎ ይቆያል። ጎተራው ሲጎድል ካልሲየሙ ይለቀዋል፤ ያኔ ያ ጫፍ ቅርጹ ይላላና ስቲሞቹ እርስ በርስ ይሰባሰባሉ። ተሰብስበው ወደ ሕዋሱ ዳር ይሄዳሉ፤ እዚያ ኦራይ 1 የተባለውን በር ከፍተው ካልሲየም ከውጭ ያስገባሉ። ስቲም በ2005፣ ኦራይ በ2006 ነው የታወቁት። የኦራይ 1 ጂን በአንድ ቦታ ብቻ የተቀየረባቸው ሕፃናት በሽታን የመከላከል አቅማቸው ክፉኛ ተዳክሞ ተገኝቷል፤ የመከላከያ ሕዋሶቻቸው ካልሲየሙን ማስገባት አልቻሉምና። እዚህ ላይ መሰብሰብ ሥራ ነው፤ ሰብሳቢው ግን የአዮኑ መጉደል ነው። ከኢንሱሊን ጋር አስተያይተው ይዩት።

ማግኒዚየምን የምናገኘው ከተቀባይ የመጣን ምልክት በሕዋሱ ውስጥ በሚያስተላልፉት በጂ ፕሮቲኖች ላይ ነው። እነዚህ አልፋ፣ ቤታና ጋማ የሚባሉ ሦስት ንዑስ ክፍሎች አሏቸው። አልፋው ጂዲፒ የሚባለውን ባለ ሁለት ፎስፌት ሞለኪውል ሲይዝ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ይታሰራል፤ ጂዲፒውን ሦስት ፎስፌት ባለው ጂቲፒ ሲለውጥ፣ ማግኒዚየም ከጂቲፒው ፎስፌት ጋር ተቀምጦ አዲሱን ቅርጽ ያጸናዋል፤ ያኔ ከሁለቱ ይለያል። በዚህ ዘርፍ አልፍሬድ ጊልማንና ማርቲን ሮድቤል በ1994 ኖቤል ተሸለሙ። አንድ ታሪክ ግን ተማሪ ሁሉ ሊሰማው ይገባል። ፍሎራይድ ጂ ፕሮቲንን እንደሚያነቃ ለብዙ ዓመታት ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ንጹሕ በሆኑ ነገሮች ሲሠሩት ያዳግት ነበር። ስተርንዋይስና ጊልማን በ1982 ምክንያቱን አገኙ፤ ከመስታወት የሙከራ ቱቦዎችና በደንብ ካልጠሩ ኬሚካሎች ጥቂት አሉሚኒየም ይገባ ነበር። አሉሚኒየምና ፍሎራይድ ተዋሕደው ከጂዲፒው አጠገብ ልክ እንደ ሦስተኛ ፎስፌት ይቀመጣሉ፤ አልፋው ጂቲፒ ያገኘ መስሎት ከቤታና ከጋማ ይለያል። ከቱቦው ግድግዳ የወጣ አዮን ፕሮቲኑን አታለለው።

ይህን ታሪክ የምወደው እኔም ተመሳሳይ ነገር ስለገጠመኝ ነው። በምርምር ትምህርቴ መጀመሪያ ላይ ኢንሱሊንን በመጠን በሚለይ አምድ አሳልፌ ትልቁን ስብስብ ስጠብቅ ትናንሾቹ ብቻ ወጡ። ናሙናው ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ሳምንት እንደገና ስሠራ ቆየሁ። ኋላ ሳየው በፈሳሼ ውስጥ ኢዲቲኤ ነበረ፤ ብረታማ አዮኖችን ጠርጎ የሚይዝ ኬሚካል። ዚንኩን ከጉልቻው አንሥቶ ወስዶት ነበር። ናሙናው ጤነኛ ነበር፤ እኔ ነኝ የፈታሁት።

ስለዚህ ወደ ላቦራቶሪ ሲገቡ የፈሳሽዎን ዝርዝር ከፕሮቲንዎ እኩል ያንብቡት። ኢዲቲኤ አለበት? ፎስፌት አለበት? ሕዋሳትን ከሳህን ለማላቀቅ ኢዲቲኤ የሚጠቀሙ ከሆነ ኖች የተባለውን ተቀባይ ያስታውሱ፤ የኖች ሁለት ክፍሎች ከሕዋስ ውጭ የሚያዙት በካልሲየም ረዳትነት ነው፤ ካልሲየሙን ሲጠርጉት ይለያያሉ፣ መልእክት ሰጪ ሳይመጣ ኖች ምልክት መስጠት ይጀምራል። የሚያጠኑት ሕዋስ ምልክት ያገኘ ይመስልዎታል፤ ያነቃው ግን ማጠቢያዎ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ይሞክሩ። የፕሮቲን ቅርጾች ሁሉ የሚቀመጡበት ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ለማንም ሰው ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ በኮምፒውተርዎ ወይም በስልክዎ ሊያዩት ይችላሉ። ሁለት ዚንክ ያለውን የኢንሱሊን ሄክሳመር ፈልገው ይክፈቱ፤ ሂስቲዲኖቹን በአንድ ቀለም፣ ዚንኮቹን በሌላ ያቅልሙ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች እንዲታይዎ አድርገው ያዙሩት። ሦስቱ ዳይመሮች ዙሪያውን ይታያሉ፤ በመሐል አንድ ዚንክ ብቻ አለ። ወደ ጎን ያዘንብሉት፤ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ሁለተኛው፣ በራሱ ሦስት ድንጋዮች ላይ ተጥዶ፣ ብቅ ይላል።